የአጥቢያ ምጽዋት፦ ከሙዳየ ምጽዋቱ እስከ ችግረኛው ቤት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈው ማጉረምረም ስለ ሃይማኖት አንቀጽ አልነበረም፤ ስለ ምግብ ነበር። በኢየሩሳሌም ከነበሩት ምእመናን መካከል ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ፣ ዕለት ዕለት ምግብ ሲታደል መበለቶቻቸው ስለሚዘለሉባቸው አቤት አሉ። ያን ጊዜ የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። መሬትና ቤት ያላቸው እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያኖሩ እንደነበር ሁለት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ተጽፏል። የተበላሸው እደላው ነበር። ሐዋርያትም ሕዝቡን «ጨምሩ» አላሉትም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አዘዙት። የተመረጡት እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና ኒቆላዎስ ናቸው። ሰባቱም የግሪክ ስም አላቸው። እደላው ለተዘለሉት መበለቶች ቅርብ በሆኑ ሰዎች እጅ የገባ ይመስላል።

በአጥቢያዎቻችን የሚታየው ችግር ከዚያኛው ብዙ አይርቅም። ምእመኑ ይሰጣል። ደጀ ሰላም ላይ ለተቀመጡት ነዳያን ጥቂትም ቢሆን ሳይዝ የሚመጣ ሰው ብዙ አይደለም፤ ለፋሲካና ለገናም እህልና ልብስ ይዋጣል። ነገር ግን የተሰጠው ነገር ችግረኛው ቤት እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ሥርዓት ስለሚጎድል፣ ጉልበት ያለው ሁለት ጊዜ ሲወስድ አልጋ ላይ የዋለው ሳይደርሰው ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ስለዚያ መንገድ ነው። ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት የምግባረ ሠናይ ክፍሎች፣ ለጽዋ ማኅበራትና ከውጭ አገር ገንዘብ ለሚልኩ ምእመናን ይጠቅማል።

ግዴታው ምን ያህል ግዴታ ነው?

በኦሪት የድሀው ድርሻ ለባለጸጋው ስሜት አልተተወም። ዘሌዋውያን 19፥9-10 አጫጁ የእርሻውን ዳር አጥርቶ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም ይከለክላል፤ እርሱ የድሀውና የእንግዳው ነው። ዘዳግም 14፥28-29 ደግሞ በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት በከተማው ውስጥ ተከማችቶ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ወላጅ የሌለው ልጅና መበለቲቱ በልተው እንዲጠግቡ ያዛል። አሥራት ሲነሣ የካህናቱን ድርሻ ብቻ የሚያስብ ሰው ይህን ክፍል መለስ ብሎ ቢያነብ መልካም ነው። የድሀው ድርሻ ከአሥራቱ ውጭ የሚሰጥ ትርፍ አይደለም፤ በአሥራቱ ውስጥ ያለ ነው።

በማቴዎስ 25 የተጠቀሱት ሥራዎች ስድስት ናቸው፦ የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመን መጠየቅ፣ የታሰረን መጎብኘት። በስድስቱ ውስጥ ገንዘብ በስሙ አልተጠራም። ሦስቱ ደግሞ በመላላኪያ አይፈጸሙም፤ እንግዳው ቤት ይገባል፣ በሽተኛውና እስረኛው ዘንድ ደግሞ ይኬዳል። ስለዚህ አንድ አጥቢያ የሚያደራጀው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ብቻ ከሆነ ከታዘዘው ግማሹን ትቷል።

አባቶችም ይህን ጉዳይ እንደ ተጨማሪ በጎ ሥራ አላዩትም። ቅዱስ ባስልዮስ፣ ያልተበላው እንጀራ የተራበው ሰው፣ ሳጥን ውስጥ የተቆለፈው ልብስም የታረዘው ሰው ገንዘብ መሆኑን አስተምሯል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ368 እና 369 ቀጰዶቅያን በመታው ረኀብ ጊዜ ቅስናው ሳይከለክለው ባለጸጎችን ጎተራቸውን እንዲከፍቱ አስደርጎ ሕዝቡን መግቧል፤ ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላም ከቂሣርያ ከተማ ውጭ ለድሆች፣ ለሕሙማን፣ ለለምጻሞችና ለመንገደኞች የሚሆን ሰፊ መጠለያ አሠርቷል። ዮሐንስ አፈወርቅ፣ መሠዊያውን በሐር እያስጌጡ ክርስቶስን በደጅ በብርድ መተው ምን እንደሚጠቅም ሕዝቡን ይጠይቅ ነበር። ፍትሐ ነገሥታችንም ለምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ ሰጥቶታል።

ከግዴታው ለማምለጥ በተደጋጋሚ የሚጠቀሱ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው «ድሆች ሁልጊዜ ከእናንተ ጋር ናቸው» የሚለው ነው። ጌታችን ይህን ሲናገር የዘዳግም 15፥11ን ቃል አነሣ፤ የዚያ ቁጥር መደምደሚያ ደግሞ «ስለዚህ እጅህን ክፈት» የሚል ትእዛዝ ነው። ሁለተኛው የቅዱስ ጳውሎስ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ነው። ይህ የተጻፈው ሥራቸውን ትተው በሰው ትከሻ ላይ ለተቀመጡ የተሰሎንቄ ሰዎች ነው። ዓይኑ የጠፋውን አባት፣ ሥራ ፈልጎ ያጣውን ወጣት፣ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችውን እናት አይመለከትም። መዝገብ የሚይዝ ኮሚቴ ይህን ካልተስማማበት በየስብሰባው ይጨቃጨቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በዚህ ላይ ይነጋገር።

መዝገቡ

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 5 የመበለቶች መዝገብ አለ። ዕድሜ ተወስኗል፣ ከስድሳ ዓመት በላይ። ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ያሏት መጀመሪያ በእነርሱ እንድትጦር ታዟል፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያን «እውነተኞች መበለቶችን» የመርዳት አቅም እንዳታጣ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ251 የሮም ኤጲስ ቆጶስ ቆርኔሌዎስ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የከተማዋ ቤተ ክርስቲያን ከ1,500 በላይ መበለቶችንና ችግረኞችን ትረዳ እንደነበር ተገልጿል። ይህን ያህል ሰው ያለ መዝገብ መመገብ አይቻልም።

ለአንድ አጥቢያ የሚበቃው መዝገብ ቀላል ነው፤ ባለ መስመር ደብተር ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ገጽ ይመደብና የቤተሰቡ ኃላፊ ስም፣ ሰፈርና ምልክት፣ በቤቱ የሚያድሩ ሰዎች ብዛትና ዕድሜ፣ ሥራ የሚሠራ ካለ፣ የታመመ ካለ፣ የቤት ኪራይ ዕዳ፣ ከሌላ ቦታ የሚያገኘው ርዳታ ይጻፋል። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በገጠር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የሚደርሰው ቤተሰብ፣ ምንም ከማይደርሰው ቤተሰብ እኩል አይመደብም።

ምዝገባው በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይካሄድ። በግቢ ሲመዘገብ የሚመጣው ጉልበት ያለውና መረጃ የደረሰው ነው፤ በመስመሩ ላይ መታየት የሚያሳፍረው ደግሞ ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ ሁለት ሰው ቤት ለቤት ይሂድ፤ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም እናቶች ለወንድ የማይነግሩት ብዙ ነገር አለ። ከሁለቱ አንዱ ከሌላ ሰፈር ይሁን። የሰንበት ትምህርት ቤት መለያ ልብስ ለብሶ መሄድ ለጎረቤት ማወጅ ስለሆነ ይቅር።

«ችግር አለባችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መረጃ አያስገኝም፤ ሁሉም አለ ይላል፣ የባሰበት ደግሞ «ተመስገን» ብሎ ያልፋል። የሚጠቅሙት ጥያቄዎች የተወሰነ ቀን ያላቸው ናቸው፦ ትናንት ስንት ጊዜ ተበላ? ምን ተበላ? ለሱቅ ያለባችሁ ዱቤ ስንት ነው? ልጁ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ትምህርት ቤት ሄደ? ሐኪም ያዘዘውና ያልተገዛ መድኃኒት አለ? ከዚያ በላይ አይመርመር። ድስት ከፍቶ ማየት፣ ሣጥን ማስከፈት ነውር ነው። ጎብኚዎቹ እዚያው ቃል አይግቡ፤ ውሳኔውን ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመልሰው ይንገሩ፣ መልሱ «አልቻልንም» ቢሆንም።

የሚጠራጠሩበት ነገር ካለ የሰፈሩን እድር ዳኛ መጠየቅ ይቻላል። እድር ማን መዋጮውን መክፈል እንዳቃተው ከማንም ቀድሞ ያውቃል። የኮሚቴ አባል ዘመድ ሲቀርብ አባሉ ከስብሰባው ይውጣ፤ ይህ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ብዙ የአጥቢያ ርዳታ የፈረሰው በስርቆት ሳይሆን «ለዘመዶቻቸው ነው» በሚል ሐሜት ነው።

ምን ያህል ይበቃል?

ብዙ ቅን ልብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ስሌቱን ቀስ ብሎ ማየት ይገባል። በአገራችን ለአስቸኳይ ርዳታ የሚታሰበው የአንድ ሰው የወር ቀለብ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ይህ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል፣ 50 ግራም ጥራጥሬና ጥቂት ዘይት ሲሆን፣ ወደ 2,050 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሆናል፤ ለአንድ ሰው በአማካይ ያስፈልጋል ከሚባለው 2,100 ጋር ተቀራራቢ ነው።

አሁን አንዲት ሦስት ልጆች ያሏትን እናት እናስብ። አራት ሰው ነው፤ በወር 60 ኪሎ እህል፣ 6 ኪሎ ጥራጥሬ፣ ወደ 1.8 ሊትር ዘይት ይፈልጋል። በፋሲካ የሚታደለው የተለመደ ጥቅል 5 ኪሎ ዱቄትና አንድ ሊትር ዘይት ነው እንበል። አራት ሰው በቀን ሁለት ኪሎ ዱቄት ከፈለገ ያ ጥቅል ሁለት ቀን ተኩል ያደርሳል። በዓሉን ያስውላል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፣ ልጆች በበዓል ቀን ባዶ እጃቸውን እንዳይውሉ ማድረግ የሚገባ ነው። ነገር ግን አጥቢያው «80 ቤተሰብ ረድተናል» ብሎ ሪፖርት ሲጽፍ በፋሲካና በገና ሁለቴ ቢሰጥ እንኳ በዓመቱ ውስጥ የሸፈነው አምስት ቀን ብቻ ሊሆን እንደሚችል ይወቅ።

ምርጫው ከባድ ነው። በወር 30,000 ብር ያለው አጥቢያ ለ60 ቤተሰብ 500 ብር ቢያካፍል ማንንም አያስከፋም፣ ማንንም ግን ከረኀብ አያወጣም። ለ10 ቤተሰብ 3,000 ብር ቢመድብ አሥሩ ይቆማሉ፣ ሃምሳው ይቀራሉ። የእኛ አስተያየት ከጥቂት ጀምሮ በበቂ መስጠት የተሻለ ነው የሚል ነው፤ በተለይ ሠርቶ የሚያገባ ሰው የሌለባቸውን ቤቶች በማስቀደም። ለሌሎቹ የአንድ ጊዜ ድጋፍ ሊታሰብ ይችላል፦ የተጠራቀመ ኪራይ መክፈል፣ የመስከረም ደብተርና የደንብ ልብስ መግዛት። የትምህርት ቁሳቁስ ነሐሴ ላይ መገዛት አለበት፤ መስከረም ገብቶ ልጁ ከክፍል ከቀረ በኋላ የሚመጣ ደብተር ዋጋው ግማሽ ነው።

እህል ወይስ ገንዘብ? ገበያው የተረጋጋ ከሆነ ገንዘብ ይሻላል፣ ምክንያቱም ኪራይም፣ መድኃኒትም፣ ከሰልም ይገዛል። ዋጋ በየሳምንቱ የሚወጣ ከሆነ ወይም ተረጂው ገበያ መድረስ የማይችል ሽማግሌ ከሆነ እህል ይሻላል። እህል የሚሰጥ ግን የወፍጮውን አብሮ ያስብ። ያልተፈጨ ስንዴ ተሸክማ የሄደች እናት የወፍጮ ገንዘብ ስለሌላት ከእህሉ ላይ ቀንሳ ትሸጣለች፤ የሚገዛትም ነጋዴ ችግሯን አይቶ በወረደ ዋጋ ነው። ወይ አስፈጭቶ መስጠት፣ ወይ የወፍጮውን ጨምሮ መስጠት ነው። ሦስተኛው መንገድ ከባለ ሱቅ ጋር መዋዋል ሲሆን፣ ተረጂው በስሙ የተያዘውን መጠን ይወስዳል፣ አጥቢያው በወሩ መጨረሻ ይከፍላል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ሱቁ ለተረጂው የከፋውን ዕቃ መስጠት ወይም ዋጋ መጨመር ሲጀምር ነው። ስለዚህ ኮሚቴው አልፎ አልፎ ከተረጂዎቹ ቤት የተገዛውን ዕቃ ይይ፣ ሱቁንም በየስድስት ወሩ ይቀያይር።

ገንዘቡ

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ሲያሰባስብ ሦስት ነገር አደረገ። በየሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም እንዳቅሙ እንዲያስቀምጥ አዘዘ (1ኛ ቆሮንቶስ 16)። ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናቱ የመረጧቸው ሰዎች አብረው ተጓዙ። ምክንያቱንም ግልጽ አድርጎ ጻፈ፦ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን ነገር እናስባለን፣ ማንም እንዳይነቅፈን (2ኛ ቆሮንቶስ 8)። ሐዋርያው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ «እኛ እንተማመናለን» የሚል ኮሚቴ ምክንያቱ ምን እንደሆነ ይጠየቅ።

በተግባር ሲተረጎም፦ የድሆች ገንዘብ ከቤተ ክርስቲያኑ የሕንፃ ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። የሕንፃ ሥራ ሲጀመር መጀመሪያ የሚደፈረው የድሆች ሙዳይ ነው፤ «እንመልሰዋለን» ተብሎ ተወስዶ ሳይመለስ ይቀራል። ፈራሚዎች ሦስት ይሁኑ፣ ወጪ በሁለቱ ፊርማ ይንቀሳቀስ። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ሦስት ሰው ቆሞ ይቁጠር፣ በዕለቱ ይፈራረም፣ በማግስቱ ባንክ ይግባ። የሰጠው ሰው ደረሰኝ ይሰጠው፣ የተቀበለው ይፈርም ወይም በጣት አሻራው ያረጋግጥ።

በወር ስንት ቃል መግባት እንደሚቻል የሚወሰነው በፋሲካ ወር ገቢ አይደለም። ያለፈውን ዓመት የየወሩን ገቢ ዘርዝሮ ዝቅተኛውን መያዝ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ይሆናል። ቋሚ ወርኃዊ ድጋፍ በዚያ ልክ ይመደባል፤ ከዚያ በላይ የሚገባው ለድንገተኛ ሕመም፣ ለመስከረምና ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። ይህን ሳያደርግ በሚያዝያ 40 ቤተሰብ መዝግቦ በነሐሴ «ገንዘብ የለም» የሚል አጥቢያ፣ ቤተሰቦቹን ዝናብ በሚበረታበትና ርኅራኄ በሚጠፋበት ወር ይጥላቸዋል፤ ነሐሴ ደግሞ በገጠር ጎተራ የሚሟጠጥበት ጊዜ ነው።

ውጭ አገር ያሉ ምእመናንን የሚመለከተውም ይኸው ነው። አብዛኛው ገንዘብ ከአሜሪካም ከአውሮፓም ከዐረብ አገሮችም የሚመጣው «ለነዳያን ማብያ» ተብሎ በበዓል ሰሞን ነው። በፋሲካ 12,000 ብር ከመላክ በየወሩ 1,000 ብር መላክ ለአጥቢያው ኮሚቴ ብዙ ነገር ያቀልለታል፤ አንድ ሰው ሙሉ ዓመት መዝግቦ መያዝ ይችላል። የላኪውን ጥያቄ የሚመልስ የወጪ ዝርዝርና ደረሰኝ በየሦስት ወሩ ይላክለት። ፎቶ ግን አይላክ። ዱቄት ተሸክሞ የሚነሣ የሽማግሌ ፎቶ የሰጪውን ስም ከፍ ለማድረግ የተቀባዩን ፊት መሸጥ ነው፤ ማቴዎስ 6፥1-4 የከለከለው ይህንን ነው። ልጁ ትምህርት ቤት «የርዳታ ልጅ» ተብሎ የሚጠራው በዚያ ፎቶ ምክንያት ነው።

ስለ ጾም አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በግእዝም የተተረጎመው የሁለተኛው መቶ ዓመት ጽሑፍ የሆነው ሔርማ፣ ጾመኛው በጾሙ ቀን ሊያወጣ የነበረውን የምግብ ወጪ አስልቶ ለመበለት ወይም ለወላጅ አልባ ልጅ እንዲሰጥ ያዛል። ይህን ሥርዓት ማድረግ ቀላል ነው። ለዐቢይ ጾም 55 ቀን እያንዳንዱ ቤት የቀረውን ቁርስ ወይም ምሳ በዋጋ ገምቶ በፖስታ ቢያኖር፣ በትንሣኤ ማግስት ሳይሆን ከሆሣዕና በፊት ቢያስገባ፣ ችግረኛው ለበዓሉ ይደርሳል።

ማዕዱ

ሰንበቴ፣ ዝክር፣ ተዝካርና የበዓል ማዕድ ያሉን ሀብቶች ናቸው፤ ብዙ ክርስቲያን አገር ይህን የመሰለ ልማድ የለውም። ያዕቆብ 2 ላይ የተወገዘው ግን በእኛም ማዕድ ይታያል፦ ባለ ነጠላው ከውስጥ፣ ነዳይ ከደጅ። ሉቃስ 14፥12-14 ግብዣ ስታደርግ ድሆችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ ይላል፤ እንግዲህ የሚጋበዙት ራሳቸው ናቸው ማለት ነው፣ ትራፊ ጠባቂዎች አይደሉም። ቢያንስ ከአንድ ሌማት፣ በአንድ ጊዜ ይቅረብላቸው።

ለ100 ሰው ሲሰናዳ ለአዋቂ ሁለት እንጀራ ታስቦ 200፣ መጠባበቂያ 20 ይጨመር፤ ሽሮ በሰው 60 ግራም ገደማ ስለሚሆን 6 ኪሎ ይበቃል። የእጅ መታጠቢያ ውኃና ሳሙና ከምግቡ ቀድሞ ይምጣ። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ አሰላለፉ ነው። ሁሉንም በአንድ ሰልፍ ማቆም ግፊያ ያመጣል፤ ዓይነ ስውሩና ምርኩዝ የያዘው ከኋላ ይቀራሉ። አስቀምጦ በየተራ ማቅረብ፣ አቅመ ደካሞቹን ግን ቀድሞ ማስቀመጥ ነው። የተሠራ ወጥ በሙቀት ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይሞቅ አይቀመጥ። ማታ ተሠርቶ ጠዋት የሚቀርብ ሥጋ የሆድ ሕመም ያመጣል፣ ሐኪም ቤት መሄጃ የሌለው ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ይጎዳል።

ስለ ተዝካር፦ ሟችን እያሰቡ ድሆችን ማብላት መልካም ነው። ሚስትና ልጆች ተበድረው ለመንደሩ ሁሉ ሲያሰናዱ ግን ድሆችን የሚያበላው ቤት ራሱ ወደ ድህነት ይወርዳል። የንስሐ አባት ቀድሞ ቤተሰቡን አስቀምጦ «አምስት ነዳይ ጋብዛችሁ ጸልዩ፤ ይበቃል» ቢል ከብዙ ዕዳ ያድናቸዋል።

የማይታዩት

ደጀ ሰላም የማይመጡትን መፈለግ የኮሚቴው ዋና ሥራ ነው። ከነዚህ ውስጥ በቅርብ ዓመታት የበዙት ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው መታወቂያ የሌላቸው ቤተሰቦችና ከዐረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱ እኅቶች ናቸው። የኋለኞቹ ብዙ ጊዜ ችግራቸውን የሚደብቁት ቤተሰብ ገንዘብ ይዘው ይመጣሉ ብሎ ይጠብቅ ስለነበር ነው። ከእምነቱ ውጭ ያለ ጎረቤት ቢራብስ? ገላትያ 6፥10 «ለሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ለሃይማኖት ቤተ ሰዎች» ይላል። ማዕተብ ጠይቆ እህል የሚሰጥ፣ ወይም ለመርዳት ጉባኤ መገኘትን ግዴታ የሚያደርግ አጥቢያ፣ ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው ሃይማኖት ሳይጠይቅ ዘይትና ወይን እንዳፈሰሰለትና ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር እንደከፈለ ያስታውስ። ሳምራዊው «የምትከስረውን ሁሉ ስመለስ እከፍልሃለሁ» ማለቱንም አይርሳ፤ ጀምሮ አልተወውም።

በሽተኛ ያለበት ቤት ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ካርድ ነው። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮው የሚሸፈንበት አሠራር አለ፤ ዝርዝሩ ግን በቀበሌ ሲወጣ ቀርቦ ያልተናገረ ይዘለላል። ዝርዝሩ ውስጥ ላልገባው አጥቢያው የዓመቱን መዋጮ ቢከፍል፣ አንድ ሌሊት ለሆስፒታል ከሚዋጣው ያነሰ ገንዘብ አንድ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ይሸፍናል። እድሳቱ በዓመት የተወሰነ ጊዜ አለው፤ ቀኑ ካለፈ ካርዱ አይሠራም፣ ስለዚህ ቀኑ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። የቲቢ ሕሙማን መድኃኒቱን በነጻ ያገኛሉ፤ ሕክምናው ግን በተለመደው ስድስት ወር ስለሚወስድ በትራንስፖርትና በምግብ ማጣት የሚያቋርጡ አሉ። ለእነዚህ የታክሲና የእህል ድጋፍ ሕይወት ነው።

እስረኛን መጎብኘት ስንቅ ከመያዝ ይጀምራል። ዘመድ የሌለው ታሳሪ ስንቅ የሚያመጣለት የለም። ጣቢያ ሲኬድ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለክፍሉ የሚበቃ ይያዝ፤ ያለዚያ የተጎበኘው ይፈተናል።

የአብነት ተማሪዎች ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እየኖሩ የሚረሱ ናቸው። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ አኩፋዳውን ይዞ የሚዞር ልጅ የሚያገኘው ቁራሽ እንጀራ ነው፤ ከውሻ ይጋፈጣል፣ ያደረቀውን እንጀራ ለነገ ያስቀምጣል። ለእነርሱ ከምግብ እኩል የሚያስፈልጋቸው ሳሙና፣ ማጠቢያ ውኃና የሌሊት ልብስ ነው፤ እከክ ከአንድ ጎጆ ወደ ሌላው የሚዛመተው አብረው ተጠጋግተው ስለሚተኙ ነው። አንዱን አክሞ ሌሎቹን መተው አያድነውም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይታከሙ፣ ልብሳቸውም በዚያው ቀን ይቀቀል።

መነሻ ገንዘብና ከመዝገብ መውጣት

ለጉልት ንግድ፣ ለሊስትሮ ዕቃ፣ ለልብስ መስፊያ መኪና የሚሰጥ መነሻ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ የሚከሽፈውም በስንፍና አይደለም። ረኀብ ላለበት ቤት 5,000 ብር ሲገባ መጀመሪያ የሚከፈለው የሱቅ ዱቤ ነው፣ ቀጥሎ እህል ይገዛል፣ ንግዱ በሁለተኛው ሳምንት ያልቃል። መነሻ ገንዘብ የሚሰጠው ወርኃዊ ቀለብ ሳይቋረጥ ነው፤ ስድስት ወር ያህል ጎን ለጎን ይሂድ፣ ዕዳው ካለ ቀድሞ ይዘጋ። ሌላው ስሕተት ሥራውን ኮሚቴው መምረጡ ነው። እንጀራ የምትጋግር እናት ገበያውን ታውቃለች፤ ምጣድና ዱቄት ጠይቃ የስፌት መኪና ይሰጣታል፣ መኪናውም ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ቤተሰብ በሁለት እግሩ ሲቆም ከመዝገብ ይወጣል። ድንገት አይቁረጥ፤ ከሁለት ወር በፊት ይነገረው፣ ከዚያ ድጋፉ በግማሽ ይቀነስ፣ ከወጣም ከሦስት ወር በኋላ ይጎብኝ። ያታለለ ሰው ቢገኝ ለብቻው ይነገረው፤ ስሙ በዐውደ ምሕረት አይነበብ፣ ልጆቹ የሚኖሩት በዚያው ሰፈር ነውና።

ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ደግሞ ከመዝገቡ የሚወጡት ሲያርፉ ብቻ ነው። ለእነርሱ አጥቢያው የእድር መዋጮአቸውን በየወሩ ይክፈልላቸው፤ ዋጋው ትንሽ ሆኖ ቀባሪ የማጣት ጭንቀታቸውን ያስቀርላቸዋል። ባረፉም ጊዜ ገጹ ወዲያው አይሰረዝ። ብዙ ጊዜ አያት የምታሳድገው የልጅ ልጅ በቤቱ ይኖራል፤ ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሳምንት ሁለቱ ጎብኚዎች ተመልሰው ሄደው ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድር፣ ኪራዩን ማን እንደሚከፍል፣ ትምህርቱን እንዳላቋረጠ ይጠይቁና አዲስ ገጽ በስሙ ይክፈቱለት።